ከታካትሱጂ ወደ ላይ

በቡንሴይ ዘመን በዐሥራ ሦስተኛው ዓመት፣ በሰባተኛው ወር በሁለተኛው ቀን፣ የኪዮቶ ከተማ ፀሐይ ሳትወጣ ጀምሮ በሙቀት ትግል ነበር። ከተማይቱ በሦስት ወገን ተራራ ከብቧት እንደ ድስት በጎደጎደ ቦታ የተቀመጠች ናትና በበጋ ነፋስ አይጎበኛትም፤ ተሳስቶ የገባም ቢኖር መውጫ አጥቶ እዚያው ይሞቃል። ነጋዴው ሱቁን በጠዋት ከፍቶ ደጁን ውኃ ይረጫል፤ ውኃው መሬት ሳይነካ የደረቀ እስኪመስል ድረስ ይተናል፤ ሽማግሌዎቹም ደረታቸውን ገልጠው ከደጃፍ ተቀምጠው ማራገቢያቸውን ያወዛውዛሉ።

ያ ዓመት ሕዝቡ ሁሉ ለኢሴ መቅደስ የተነሣበት ዓመት ነበር። ገበሬው አረሙን ትቶ፣ ገረዲቱ የእመቤቷን ድስት እሳት ላይ ጥዳ፣ የእንጨት ጭልፋ በወገቧ ሸጉጣ ወደ ኢሴ ትጎርፍ ነበር፤ በየመንገዱም ያለው ሰው ሩዝና ጫማ እየመጸወተ ያሳልፋቸው ነበር። አብዛኛው ተሳላሚ የይለፍ ወረቀት አልነበረውም፤ ጠያቂም አልነበረም። ከሺናኖ ተራሮች፣ ኩሮዳኒ ከምትባል መንደር የመጡት ሰባት ሰዎች ግን ወረቀት ነበራቸው፤ የመንደሩ የኢሴ ማኅበር አለቃ ካንሮኩ ሕግ አክባሪ ሰው ነበሩና፣ የሰባቱም ስም በአንድነት የተጻፈበትን ያን አንድ ወረቀት በጨርቅ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አስረውት ነበር፤ ሲተኙም አይፈቱትም።

ከሰባቱ አንዷ ኦሱዌ ትባላለች። ዕድሜዋ አርባ አራት፣ ባሏ የሞተባት፣ ሄምፕ ከሚባል ተክል ቃጫ ጨርቅ እየሸመነች የምትኖር፣ ፊደል የማትለይ ሴት ናት። አንዲት ልጇ ኦታኪ በዐሥራ ሦስት ዓመቷ ለኪዮቶው ማራገቢያ ሠሪ ለቶኩቤይ ቤት አገልግሎት ተሰጥታ ከሄደች ስምንት ዓመት ሆኗታል። በአራተኛው ወር ላይ፣ ከኢሴ የሚመለስ አንድ ተሳላሚ የልጅቱን ደብዳቤ አመጣ፤ የመንደሩ ቄስ ሦስት ጊዜ አነበቡላት። እግሯ አብጧል። ነጭ ሩዝ ብቻ እየበላ የሚኖረውን የከተማ አገልጋይ የሚይዘው በሽታ ነው፤ ከእግር ይጀምርና ልብ ላይ ሲደርስ ይገድላል፤ ታማሚው ግን በጊዜ ወደ አገሩ ተመልሶ ገብስና ዳጉሳ ከበላ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። «ጌታዬ ከዘመድ አንድ ሰው መጥቶ ከወሰደኝ ይለቁኛል፤ እናቴ ሆይ፣ ለሙታን በዓል አገሬ ልግባ» ይላል ደብዳቤው። ከታች የቤቱ አድራሻ ተጽፏል፤ ካራሱማ መንገድ፣ ከታካትሱጂ ወደ ላይ።

ማኅበርተኞቹ ኢሴን ተሳልመው ኪዮቶ የገቡት በወሩ መባቻ ምሽት ነበር። በወሩ አጋማሽ ለሚውለው የሙታን በዓል አገራቸው ለመድረስ በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ መነሣት አለባቸው፤ ስለዚህ ኦሱዌ ያላት ቀን አንድ ብቻ ነበረች። አለቃ ካንሮኩም ይህን አልዘነጉትም፤ በዚያች ቀን ጠዋት ከማደሪያው ሲወጡ «መጀመሪያ ልጅቱ፤ ከተማው ከዚያ በኋላ» ብለው ነበር። ክፉ ሰው ነበሩ የሚል ካለ አላወቃቸውም።

ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ካራሱማና ታካትሱጂ ከሚገናኙበት መስቀለኛ ደረሱ። አንዲት ዘይት ሻጭ ሴት ከደጇ ላይ ውኃ እየረጨች ነበር።

«እሜቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልንና ታካትሱጂ የሚሉት የትኛው ነው?» አሏት ካንሮኩ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው።

«የቆሙበት ነው ጌታዬ። ከሩቅ አገር የመጣችሁ ትመስላላችሁ፤ በዚህ ሙቀት!»

«ከሺናኖ ነን። ከዚህ ወደ ላይ የሚል ጽሑፍ ይዘን ነው።»

«እንግዲያው ወደ ላይ ይውጡ። ሩቅ አይደለም።»

በኪዮቶ «ላይ» ማለት ሰሜን ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ግቢ በሰሜን በኩል ስለሆነ ወደ ግቢ የቀረበ ሁሉ ወጣ፣ ከግቢ የራቀ ሁሉ ወረደ ይባላል፤ መሬቱ እንደ ገበታ ሜዳ ቢሆንም የኪዮቶ ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል። ይህን ለእንግዳ የሚያስረዳ የለም፤ ሰው በየትኛው እጁ እንደሚበላ ለእንግዳ አያስረዳምና። በሺናኖ ተራሮች ግን «ላይ» አንድ ትርጉም ብቻ አለው፤ ሲሄዱበት የሚያስለከልክ ነው። የላይ ቤት ሰዎች ከታች ቤት ሰዎች ራስ በላይ ይኖራሉ፤ ሌላ ዓይነት ላይ አይተው አያውቁም።

አለቃ ካንሮኩ ካራሱማን ግራና ቀኝ ተመለከቱት፤ ዝርግ ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሩ፤ በታካትሱጂ መጨረሻ፣ ከጣሪያዎቹ ማዶ፣ አረንጓዴው ተራራ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ይኸውና ላይ!» አሉ።

«አለቃ፣ ሩቅ አይደለም ብላለች እኮ» አለች ኦሱዌ።

«ታዲያ ተራራው ሩቅ ነው እንዴ? ይኸው ከዚህ ይታያል!»

ከሰል አክሳዩ ያሄይ፣ ከማኅበሩ ሁሉ ቀልደኛው፣ «ወይ እኛ!» አለ፤ «ዐሥራ አምስት ቀን ሙሉ ሜዳ ለሜዳ ተንከራተን መጨረሻችን ዳገት ሆነ። እግሬ ናፍቆት ነበር።»

ዘይት ሻጯ ሴት ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ ሲያዞሩ አየቻቸው። የቶኩቤይ ቤት ከቆሙበት ወደ ሰሜን አምሳ እርምጃ እንኳ አይሞላም ነበር። ነገር ግን ያልጠየቀን እንግዳ «ተሳስተሃል» ብሎ ማሳፈር በኪዮቶ ነውር ነው፤ ምናልባት መጀመሪያ ተራራው ላይ ያለውን የኪዮሚዙን ቤተ መቅደስ ሊሳለሙ ይሆናል ብላ እጅ ነሣቻቸውና ውኃዋን መርጨት ቀጠለች።

የካሞን ወንዝ ተሻገሩ። ወንዙ በሙቀቱ ቀጥኖ ድንጋዩ ብቻ ቀርቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሸክላ ሻጮቹ ዳገት ጀመረ፤ ግራና ቀኙ ሱቅ፣ መካከሉ የሰው ጎርፍ። ኦሱዌ በየበሩ አንገቷን እያሰገገች ማራገቢያ ትፈልጋለች፤ የምታየው ሁሉ ጽዋና ማሰሮ ነው። በመጨረሻ አለቃ አንዱን ሸክላ ሻጭ ጠየቁት።

«ማራገቢያ ሠሪ? እዚህ?» አለ ሰውየው። «እዚህ የሸክላ ሰፈር ነው ጋሼ። ማራገቢያ ከተማው ውስጥ ነው፤ ወደ ታች ውረዱ።»

ካንሮኩ አመስግነው ጥቂት ርቀው ሄዱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቀናተኛ ነጋዴ ነው» አሉ። «ወደ ላይ ከሄድን ከሌላው ሱቅ ገዝተን እንዳናልፍ ነው ታች ታች የሚለው። አይተሻል አይደል ዓይኑን?»

«እኔማ ያየሁት ላቡን ነው» አለ ያሄይ።

ኦሱዌ አልሳቀችም። ሰውየው ውሸት የተናገረ አልመሰላትም፤ ግን አድራሻው «ወደ ላይ» ይላል፤ ቄሱም እንዲያ ነው ያነበቡላት፤ ሴትዮዋም ያንኑ ደግማለች። ማንበብ የማይችል ሰው የተጻፈን ነገር እንደ ፍርድ ይፈራዋል፤ እሷም በደብዳቤው ላይ ሌላ ሐሳብ ማሰብ ድፍረት መሰላት።

አራት ሰዓት ሲሆን ከዳገቱ ጫፍ፣ ከኪዮሚዙ ቤተ መቅደስ ገደል ላይ ከተንጠለጠለው ሰፊ የእንጨት መድረክ ወጡ። ማኅበርተኞቹ ሁሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከተማይቱ ከእግራቸው ሥር ከዳር እስከ ዳር ተነጥፋለች፤ ጥቁር ጣሪያ በጥቁር ጣሪያ ላይ፣ በመካከሉም ነጫጭ የጭቃ ጎተራዎች፣ ከሁሉ በላይ የሙቀቱ ብልጭታ።

«ላይ ማለት ይኸ ነው!» አለ አንዱ።

ኦሱዌ ከመድረኩ ጠርዝ ቆማ ወደ ታች አየች። «ከነዚህ ሁሉ ስንቱ ቤት ይሆን ሰው የሚጠብቅበት?» አለች።

ከዚህ በኋላ አለቃ ካንሮኩ መንገዱ እንደጠፋቸው ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን በስድስቱ ሰዎች ፊት «አላውቅም» የምትለዋን አንዲት ቃል ማውጣት አቃታቸው፤ ኻያ ዓመት የማኅበር አለቃ ሆነው አንድም ቀን ብለዋት አያውቁም። ስለዚህ አለማወቃቸውን በጉብኝት ሸፈኑት። «ቤቱ በዚሁ በተራራው ግርጌ ነው የሚሆነው፤ ግርጌውን ይዘን ስንሄድ እናገኘዋለን፤ መንገዳችንንም እንሳለማለን» አሉ። ሌሎቹ ደስ አላቸው፤ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ያገኟትን ከተማ ሳያዩ መመለስ አልፈለጉም። የያሳካን ግንብ አዩ። የጊዮንን መቅደስ አዩ። ከአንድ ትልቅ የቤተ መቅደስ ደወል ሥር ቆመው ስንት ሰው እንደሚያቅፈው ተከራከሩ። ፀሐይዋም አናታቸው ላይ ቆመች፤ የገለባው ጫማ እግራቸውን ላጠው፤ ውኃ ባገኙበት ሁሉ ፎጣቸውን እየነከሩ አንገታቸው ላይ ጣል ያደርጉ ነበር።

ከደወሉ ዘንድ ኦሱዌ ወደ አለቃው ቀረበች።

«አለቃ፣ ይቅርታዎን። ወረቀቱን ይስጡኝና ብቻዬን ወርጄ ልፈልጋት።»

«ወረቀቱ የሰባታችን ነው እቴ፤ ቀድጄ ልስጥሽ?»

«እንግዲያው ያለ ወረቀት ልሂድ። ስንቱ ሰው ያለ ወረቀት ይሄድ የለም?»

«ብትጠፊስ? ነገ ንጋት ላይ እንነሣለን። አንቺን ስንፈልግ በዓሉ ያልፈናል፤ ጥለንሽ ብንሄድ ደግሞ ለመንደሩ ምን ብዬ እናገራለሁ? ትንሽ ታገሺ። ከዚህ ወዲያ ጥቂት ነው።»

ታገሠች። ምን ታደርግ? ከተማው ውስጥ አንድም ሰው አታውቅ፤ አድራሻውን ራሷ አንብባ ማረጋገጥ አትችል፤ ብትቆጣ የማኅበሩን ጉዞ ያወከች ሴት ትባላለች። እጇን በመቀነቷ ውስጥ ከትታ ደብዳቤውን ጨብጣ ተከተለቻቸው።

ሰባት ሰዓት ላይ፣ አንድ ሺህ አንድ የወርቅ ሐውልት ተሰልፎ ከቆመበት ረጅም አዳራሽ ገቡ። ያገሩ ሰው እንደሚለው ከዚያ ሁሉ ፊት መካከል ልታየው የምትናፍቀውን ሰው ፊት ታገኛለህ። ያሄይ ቀልዱን ትቶ፣ «ኦሱዌ፣ እስቲ ፈልጊ» አላት። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በቀስታ ሄደች። ግማሹ መንገድ ላይ ስትደርስ የምትፈልገው የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ፊት መሆኑን ዐወቀችው፤ ልጅቱ ግን ዛሬ ኻያ አንድ ዓመቷ ነው። የኻያ አንድ ዓመቷን ኦታኪ አይታት አታውቅም፤ ከፊቷ ብትቆም ላታውቃት ትችላለች። ከዚያ ወዲያ ሐውልቶቹን አላየችም፤ ወለሉን እያየች ወጣች።

አለቃ ካንሮኩ ደግሞ ታላቁ የቡድሃ ሐውልት ወደነበረበት ግቢ ወሰዷቸው።

«የታል?» አለ ያሄይ።

«መብረቅ አቃጠለው። ሠላሳ ዓመት አልፎታል።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምናየው?»

«የነበረበትን ቦታ!»

«እንዲህማ ከሆነ አገሬ ላይ ሆኜም ያልነበረበትን ቦታ ሳይ ኖሬአለሁ» አለና ያሄይ ጥላ ፍለጋ ሄደ።

ከግቢው ውጪ አንዲት አሮጊት በዛፍ ሥር ቀዝቃዛ የገብስ ሻይ ትሸጥ ነበር። ሁሉም ተዘረሩ። ኦሱዌ ብቻ ቆማ ቀረች፤ የተቀዳላትንም አልጠጣችም።

«ልጄ፣ ምነው? ሙቀቱ ነው?» አለቻት አሮጊቷ።

ኦሱዌ አድራሻውን በቃሏ ይዛዋለችና እንደ ጸሎት አወረደችው፤ ካራሱማ መንገድ፣ ከታካትሱጂ ወደ ላይ።

«እሱማ እዚያ ማዶ ነው! እዚህ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ወደ ላይ ስለሚል… ወደ ተራራው…»

አሮጊቷ መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ጉልበቷን እየመታች ሳቀች። «ወይኔ! ተራራ! ልጄ፣ ላይ እኮ ግቢው ነው! ሰሜን! ታካትሱጂ ላይ ቆመሽ ወደ ግቢው ዞረሽ ጥቂት ፈቀቅ ብትይ…» ሳቋ የኦሱዌን ፊት ስታይ አፏ ውስጥ ቀረ። «ምነው? ምን ሆነ?»

አለቃ ካንሮኩ ጽዋቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ኦሱዌ አልወቀሰቻቸውም፤ ዞራም አላየቻቸውም። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ መሮጥ ጀመረች። «ጠብቂን! ኦሱዌ፣ ጠብቂን!» አሉ ከኋላዋ፤ እሳቸውም ሮጡ፤ ወረቀቱ ደረታቸው ላይ ይመታቸው ነበር።

ድልድዩን ስትሻገር ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ ሆኖ ነበር። ታካትሱጂን ይዛ ወደ ምዕራብ ሄደች፤ ፀሐይዋ ዓይኗ ውስጥ ናት። ሦስት መስቀለኛ ሲቀራት መሬቱ ከሥር ጮኸ። እንደ ነጎድጓድ ነበር የሚል አለ፤ ኦሱዌ ግን በኋላ ስትጠየቅ ከድምፁ ይልቅ የምታስታውሰው መንገዱ እንደ ወንፊት ሲነፋ መቆም አቅቷት በአራት እግሯ መዳኋን ነው። የጣሪያው ጡብ እንደ በረዶ ወረደ። የእንጨት ቤቶቹ እየተንገዳገዱ ቆሙ፤ ለእሳት መከላከያ በወፍራም ጭቃ የተገነቡት ነጫጭ ጎተራዎች ግን ግድግዳቸው እየተላጠ በየጓሮው ወረደ፤ ከተማውም በአንድ ጊዜ በነጭ አቧራ ተሸፈነ።

አቧራው ውስጥ ተነሥታ ሄደች። መስቀለኛው ላይ ዘይት ሻጯ ሴት በፈሰሰው ዘይቷ መካከል መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ኦሱዌን አይታ እጇን ወደ ሰሜን ዘረጋች፤ አሁን ማንም ሳይጠይቃት። ኦሱዌ አምሳ እርምጃ እንኳ ሳትሞላ የማራገቢያ ምልክት ያለበት በር ዘንድ ደረሰች። ቤቱ ቆሟል። የቶኩቤይ ሚስት ከደጅ በባዶ እግሯ ቆማለች።

«የኦታኪ እናት ነኝ» አለች ኦሱዌ።

ሴትዮዋ ክንዷን ያዘቻት።

«ከጠዋት ጀምሮ እኮ ጠብቃሻለች» አለቻት። «ከሺናኖ ተሳላሚዎች ገብተዋል የሚል ወሬ ትናንት ሰምታ፣ ጓዟን አስራ በር ላይ ተቀመጠች። ጠዋት ላይ ‹እመቤቴ፣ ባገሬ አነጋገር የሚነጋገሩ ሰዎች ሰማሁ› አለችኝ። እግሯ አልታዘዝ ብሏት ተነሥታ እስክታይ ማንም የለም። ዘንድሮ ከተማው በተሳላሚ ተሞልቷል፣ ስንቱን ትሰሚያለሽ አልኳት… ቀትር ሲሆን ሙቀቱ ጠናባት፤ እግሯ ይጠዘጥዛታል። ከጎተራው ጥግ ጥላ አለ፣ እዚያ ቀዝቀዝ ይላል፣ ጋደም በይ ያልኳት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያልኳት!»

ኦሱዌ ወደ ጓሮው ገባች። የጎተራው ግድግዳ ጓሮውን ሞልቶታል። ቶኩቤይና ሠራተኞቹ በእጃቸው እየቆፈሩ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ አለቃ ካንሮኩ ደረሱ፤ ማንንም ሳያናግሩ ተንበርክከው አብረዋቸው ቆፈሩ። ጥፍራቸው ተነቅሎ ደም ሲፈሳቸው እንኳ አላቆሙም። ያሄይ ደርሶ «ይነሡ፣ እኔ ልቆፍር» ቢላቸውም አልተነሡም። ጀምበር ሳትጠልቅ አወጧት። የኻያ አንድ ዓመት ሴት ነበረች፤ እናቷም ወዲያው ዐወቀቻት።

የሰፈሩ ሹም መዝገቡን ይዞ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር እዚያም ደረሰ። ኦሱዌ የልጇን ስም፣ የመንደሯን ስም፣ የአባቷን ስም ነገረችው። ሹሙ በትሕትና አዳመጣት፤ ነገር ግን የሚጽፍበት መስመር ጠባብ፣ የሚጎበኘውም ቤት ብዙ ነበር፤ መሬቱም ገና እየተንቀጠቀጠ ነው። «በቶኩቤይ ቤት፣ ገረድ፣ አንዲት» ብሎ ጽፎ አለፈ። ኦታኪ በማግስቱ ከሰፈሩ መቅደስ ጓሮ ተቀበረች፤ ማኅበርተኞቹ አንድ ቀን ዘግይተው ተነሡ።

ከከተማው እስኪወጡ ድረስ የኦሱዌን ጓዝ አለቃ ካንሮኩ ተሸከሙላት፤ ከዚያ ወዲያም አልመለሱላትም፤ እስከ ሺናኖ ተሸክመውት ሄዱ። ይቅርታ ለመጠየቅ ስንት ጊዜ አፋቸውን እንደከፈቱ ያሄይ ቆጥሮ ነበር፤ አንድም ጊዜ ቃል አልወጣቸውም። እሷም አልረዳቻቸውም፤ አልተቆጣችም፣ አላጽናናችም። ቁጣዋን ማንሣት ብትጀምር አሮጊቷን፣ ዘይት ሻጯን፣ ቄሱን፣ ከሁሉም በላይ ጠዋት ላይ ዝም ያለችውን ራሷን ሳትቆጣ እንደማታቆም ታውቅ ነበር።

ያን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ አልረሳውም። የወደቁት ጎተራዎች፣ የተሰነጠቀው የሹማምንቱ ግንብ፣ የሞቱትና የቆሰሉት ሰዎች ቁጥር ተጽፏል፤ ከዓመቱም ክፋት የተነሣ በዐሥራ ሁለተኛው ወር የዘመኑ ስም ራሱ ተለውጦ ቴንፖ ተባለ። በቁጥሩ ውስጥ ኦታኪ አንድ ሆና ትኖራለች። በአገሯ በኩሮዳኒ ደግሞ የመንደሩ ሹም የዚያን ዓመት ጉዞ በመንደሩ መዝገብ እንዲህ ሲል አሰፈረ፤ «የኢሴ ማኅበር ሰዎች፣ አለቃ ካንሮኩ እየመሩ፣ መቅደሱን ተሳልመውና የኪዮቶን ስመ ጥር ቦታዎች ሁሉ ጎብኝተው ለሙታን በዓል ተመለሱ። ሰባት ሄዱ፤ ሰባት በደህና ገቡ።»

ጽሑፉ አንድም ሐሰት የለበትም።